የማይድን በሽታ ያለበትን የመጠለያ ውሻ ቤት ወስዶ ማስታመም፦ ዝርዝር መመሪያ

መጠለያ ውስጥ ያለ ውሻ የማይድን በሽታ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ የሚወስደው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰዉን የሚያስፈራው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚጠበቅበት አለማወቁም ነው። ለእንዲህ ያለ ውሻ አዳኝ ሳይሆን አስታማሚ ነው የሚያስፈልገው፦ ስቃዩን ቶሎ የሚለይለት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ በጸጥታ የሚያስተኛው፣ ጊዜው ሲደርስም የማያዘገይበት ሰው። የቀረው ዕድሜ ጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል፤ ከዓመት በላይም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት የምናሳስበው፣ ከባድ ከባዱ ውሳኔ ውሻው ቤት ሳይገባ፣ ልብ ሳይሸበር እንዲያልቅ ነው። ያ ካለቀ ቀሪው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለውሻው ምቾት ይውላል።

ከመውሰድዎ በፊት

ከመጠለያው በጽሑፍ የሚቀበሉት ይህን ነው፦ የበሽታው ስምና የታወቀበት ቀን፣ የመጨረሻው የደም ምርመራና የኤክስሬይ ወይም የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የሰሞኑ ክብደት፣ የክትባት ማስረጃ (በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት)፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከሚሊግራሙና ከሚሰጥበት ሰዓት ጋር። «በቀን ሁለት ጊዜ አንድ እንክብል» የሚል ማስታወሻ አይበቃም። አንዱ መድኃኒት በተለያየ መጠን ስለሚዘጋጅ አንድ እንክብል 25 ወይም 100 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፤ ስህተት ከሚፈጠርባቸው ቦታዎች ዋነኛው ይህ ነው። ውሻው ቢያንስ የ7 ቀን መድኃኒት ይዞ ይምጣ። ስለ ጠባዩም ይጠይቁ፦ ሲነካ የሚያመው የት ላይ ነው? ሲበላ ከቀረቡት ያጉረመርማል? ከሌላ ውሻ፣ ከድመትና ከሕፃናት ጋር እንዴት ነው?

ቀጥሎ ስምምነቱ ነው። አንዳንድ መጠለያዎች እንዲህ ያለውን ውሻ በአደራ ሰጥተው ባለቤትነቱንና የሕክምናውን ወጪ ለራሳቸው ያስቀራሉ፤ ሌሎች ከነሙሉ ኃላፊነቱ ያስረክባሉ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ጣጣ የሚመጣው ነገሩ በግልጽ ሳይነገር ሲቀር ነው። የምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የሌሊት ድንገተኛ ሕክምናና የማሳረፊያው መርፌ (ስቃዩን ለማሳጠር ያለ ሕመም የሚገድለው) ወጪ የማን እንደሆነ፣ ውሻው የት ክሊኒክ እንደሚታይ፣ በመርፌ እንዲያርፍ የሚወስነውም ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። የመጨረሻውን ነጥብ በችኮላ አይለፉት። ውሳኔው የመጠለያው ከሆነ በሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ስልክ የሚያነሳ ሰው ይመደብ፤ ሐኪሙ «እየተሰቃየ ነው» ካለ ፈቃድ ሳይጠበቅ እንዲያርፍ የሚል አንቀጽም ይግባ። ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ቢሮ እስኪከፈት አይቆይም። ይህን አንቀጽ የማይቀበል መጠለያ ከሆነ ባለመፈረም እንዲጸኑ እንመክራለን።

ከዚያ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው እንዴት ነው? የትኛውን ምልክት ሳይ በዚያው ቀን ልደውል? የትኛውንስ ሳይ ሁሉን ጥዬ ልሩጥ? መልሱ ከበሽታ በሽታ ይለያያል። የልብ ድካም ያለበት ውሻ ሳንባው ውሃ ሲቋጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ጋደም ማለት ያቅተዋል። ጣፊያ ላይ የሚወጣው የደም ሥር ካንሰር (ሄማንጂዮሳርኮማ) ጠዋት ደህና የነበረን ውሻ ከሰዓት በውስጥ ደም መፍሰስ ሊጥለው ይችላል፤ ድዱ ይነጣል፣ ሆዱ ይነፋል። የአጥንት ካንሰር (ኦስቲዮሳርኮማ) ሕመሙ ብርቱ ከመሆኑ በላይ አጥንቱን ያደክመዋል፤ ከሶፋ ላይ ዘሎ ሲወርድ ሊሰበር ይችላል። የኩላሊት ድካም ቀስ እያለ የሚገፋ ነው፦ ጥማት፣ ክሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስልና መጥፎ የአፍ ጠረን ያመጣል። ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ከመንጋጋ ሥርና ከጉልበት ኋላ ያሉትን ዕጢዎች ያሳብጣል፤ ፕሬድኒሶሎን በተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ብቻ ሲታከም እፎይታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ወር ነው።

ቤትዎንም በሐቅ ይመዝኑት። ውሻው ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ከሆነ፣ ወይም እሱን ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ ሰው ከሌለ አሁኑኑ ይናገሩ። ሌላ ውሻ ካለዎት ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ።

ማረፊያው

ሰው የማይመላለስበት፣ ግን የቤተሰቡ ድምፅ የሚሰማበት ጥግ ይምረጡ። ፍራሹ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ በጉልበትዎ ሲጫኑት ወለሉ ከተሰማዎት ቀጭን ነው። ከሳ ያለ ውሻ የክርኑ፣ የትከሻውና የዳሌው አጥንት ወለል እየነካ ቶሎ ይቆስላልና በዚህ ላይ አይቆጥቡ። ፍራሹን ውሃ በማያሳልፍ ልባስ ይሸፍኑና ከላይ የሚታጠብ ጨርቅ ያንጥፉ። ቢያንስ ሦስት ቅያሪ ያዘጋጁ፦ አንዱ ሲነጠፍ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይደርቃል።

የሚያንሸራትት ወለል ለደካማ ውሻ ትልቅ ጠላት ነው። አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላ ፈርቶ ውሃው ዘንድ መሄድ የሚያቆም ውሻ አለ፤ አስታማሚው ደግሞ ጥማት የጠፋበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከመኝታው እስከ ውሃው፣ ከውሃውም እስከ መውጫው በር ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ሳይቆራረጥ ይዘርጉ። ጥፍሩን ይከርክሙ፤ በመዳፉ ሥር ያለውን ጸጉርም ያሳጥሩ። ደረጃ ካለ በር ያብጁለት። መወጣጫ ሳንቃ የሚሠሩ ከሆነ ለ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 150 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል።

ከዕቃው ደግሞ የሚከተሉት ይኑሩ፦ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው የደረት ማሰሪያ (የአንገት ማሰሪያ መጎተት ትንፋሽ ለሚያጥረውና አንገቱን ለሚያመው አይሆንም)፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ የ5 እና የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሽንት የሚመጥ ንጣፍ፣ የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ የሚከፍል ሣጥን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከተቻለ ውሻው በሳምንቱ መጀመሪያ፣ በጠዋት ይምጣ። ችግር የሚወጣው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስለሆነ ክሊኒኩ ክፍት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ሽንቱን እንዲሸና ውጪ ይውሰዱት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥጉ። አይጠቡት፤ እንግዳ አይጥሩ፤ ቤቱን ሁሉ አያዙሩት። ሌሎች እንስሳት ለስንት ቀን ተለይተው እንደሚቆዩ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የክትባት ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ 2 ሳምንት የተለመደ ነው።

ጎኑ ወለሉ ላይ ይቀመጡ፤ ፊት ለፊት ቆመው አያጎንብሱበት፣ አይቀፉት። ብዙ የመጠለያ ውሻ መታቀፍን የሚያየው እንደ መታገት ነው። የታመመና ያረጀ ውሻ በቀን 18 ሰዓት ያህል ቢተኛ አይግረምዎት፤ በጩኸት መሐል የኖረ ውሻ የእንቅልፍ ዕዳ አለበት።

በነዚህ ቀናት የሚሠራው ዋናው ሥራ የውሻውን ልክ መያዝ ነው። እንቅልፍ ላይ ሳለ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱ አንድ ትንፋሽ ነው። የአብዛኛው ውሻ በደቂቃ ከ30 በታች ነው። ድዱን ይዩ፦ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት፤ በጣትዎ ሲጫኑት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ክብደቱን፣ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ይመዝግቡ። ይህ ልክ ከሌለ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ባሰበት» ለማለት ማነጻጸሪያ አይኖርዎትም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሳ። የመጨረሻ ቀናቱን በሽርሽር፣ በድግስና በፎቶ መሙላት የተለመደ ሆኗል። ለውሻው ግን አብዛኛው ድካም ነው። በራሱ እርምጃ 10 ደቂቃ ማሽተት፣ ፀሐይ ላይ መጋደም፣ ማታ ማታ በሰዓቱ ከሚመጣ ሰው አጠገብ መተኛት ይበልጥበታል።

ሕመሙን ማወቅ

ውሻ ሲያመው ማልቀሱ ብርቅ ነው። ጭራውን መቁላቱና መብላቱም አያመውም ማለት አይደለም፤ የአጥንት ካንሰር እያሠቃየው ሳህኑን የሚልስ ውሻ አለ። የሚታየው ምልክት ሌላ ነው፦ ሙቀት ሳይኖር፣ ሳይሮጥ ማለክለክ፤ ለመተኛት እየዞረ አለመተኛት፤ አንድ ቦታን አዘውትሮ መላስ፤ መንቀጥቀጥ፤ ጆሮን ወደ ኋላ ማጋደም፣ ግንባርን መቋጠር፤ ዓይንን ጨፈን ማድረግ፤ የፊት እግርን አጎንብሶ ቂጥን ከፍ አድርጎ መቆየት (የሆድ ሕመም)፤ ሲነካ ዞሮ ማየት ወይም መንከስ፤ ተነጥሎ መደበቅ።

ሌሊት ሌሊት መንጎራደድ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከእርጅና በፊት ሦስት ነገር ይመርመሩ፦ የማታው ማስታገሻ ከንጋት በፊት እያለቀበት ነው? ሲጋደም ትንፋሹ ይከብደዋል? ሽንቱ ወጥሮታል? የመጀመሪያው ከሆነ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ሊያቀራርበው ወይም ሌላ ሊጨምር ይችላል። ለዚህ የሚረዳው በስልክ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ነቅቶ ስለሚቆም ሐኪሙ ቤት ውስጥ ያለውን ውሻ አያየውም።

መድኃኒት

ማስታገሻ «ሲያመው» ሳይሆን በሰዓቱ ይሰጣል። ሕመም አንዴ ካየለ በኋላ ለመመለስ የሚያስፈልገው መጠን ይበዛልና።

ለሰው የተሠራ ማስታገሻ በራስዎ ፈቃድ አይስጡ። አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ሊያበላሽ ይችላል። ሐኪሙ የሚያዛቸው የውሻ ማስታገሻዎች ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ከምግብ ጋር ይሰጣሉ። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ግን ፈጽሞ አይደረቡም፤ ጨጓራና አንጀት ሊበሳ ይችላል። ሁለቱ በተለያየ ክሊኒክ ታዘው የሚገናኙበት አጋጣሚ ስላለ ዝርዝሩን ለእያንዳንዱ ሐኪም ያሳዩ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዓይነ ምድር ወይም ደም ያለበት ትውኪያ ካዩ ቀጣዩን መጠን ሳይሰጡ ይደውሉ።

ፕሬድኒሶሎን ጥማት፣ ሽንትና ረሃብ ይጨምራል፤ በድንገት አይቋረጥም። ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ ሕመም ማስታገሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንገዳግዳል፤ ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ደግሞ ውሻን የሚመርዝ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖረው ስለሚችል ጽሑፉን ያንብቡ። ለልብ የሚሰጠው ፒሞቤንዳን ከምግብ 1 ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል። ፎሮሰማይድ (ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት) የሚወስድ ውሻ ብዙ ይሸናል፤ ብዙ ሸና ብለው ውሃውን አይቀንሱበት። ሞርፊን መሰል ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ 2 ቀን ሙሉ ዓይነ ምድር ካልወጣው ለሐኪሙ ይንገሩ። ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት ያጽዱ።

እንክብሉን በዋናው ምግቡ ውስጥ አይደብቁ። መራራውን አንዴ ከቀመሰ ምግቡን ራሱን ይጠላል። ሦስት ትንንሽ ጉርሻ ያዘጋጁ፦ የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው መድኃኒቱ ያለበት፣ ሦስተኛው ባዶ። ሦስተኛውን ሲያይ ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል።

መብልና ውሃ

በእረፍት ላይ ላለ ውሻ የሚያስፈልገውን ኃይል ለመገመት ክብደቱን በኪሎ በ30 አባዝተው 70 ይደምሩ፤ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 520 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ከፋፍለው ይስጡት። ተርቦ ኖሮ የመጣ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ግን በአንዴ እስኪጠግብ አይመገብ። የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ያለው ፎስፎረስና ፖታሲየም ይወርዳል፤ ይህ ሊገድለው ይችላል። ሐኪሙ በሚሰጠው መጠን ከሩብ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ከፍ ይደረጋል።

ያመጣውን የምግብ ዓይነት ለመለወጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ይውሰዱ። የምግብ ፍላጎቱ ሲቀንስ ምግቡን በሰውነት ሙቀት ልክ ያሙቁት፤ ሽታው ይጠራዋል። ሳህኑ ላይ ቀርቦ፣ አሽትቶ፣ ከንፈሩን ልሶ ፊቱን ካዞረ ፍላጎት አጥቶ ሳይሆን እያቅለሸለሸው ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ ምግብ እያፈራረቁ ከማቅረብ የማቅለሽለሽ መድኃኒት (ለምሳሌ ማሮፒታንት) መጠየቅ ይቀድማል። በሲሪንጅ አፉ ውስጥ በግድ አያስገቡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። 24 ሰዓት ሙሉ ካልበላ ይደውሉ።

«ከእንግዲህ ምን ቀረው፣ የወደደውን ይብላ» የሚለው ርኅራኄ ገደብ አለው። ቅባት የበዛበት ሥጋ ቆሽቱን አስቆጥቶ የመጨረሻ ሳምንቱን በትውኪያ ሊያሳልፈው ይችላል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብና ቸኮሌት መርዝ ናቸው።

ውሻ በቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፤ ኩላሊቱ የደከመ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከዚህ በእጅጉ አብልጦ ይጠጣል። ድዱ ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ውሃ አንሶታል። ከሳ ባለ ውሻ ላይ ቆዳን ቆንጥጦ መሞከር ያሳስታል።

መነሳት ሲያቅተው

የሚያነክስ ውሻን በሆዱ ሥር በተላለፈ ፎጣ ደግፈው ማስኬድ ይቻላል፤ የሆድ እብጠት ካለው ግን ፎጣው ከዳሌው ሥር ይሁን። ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ በየ4 ሰዓቱ፣ ቢቻል ከዚያም ባጠረ ጊዜ ጎኑን ይለውጡለት፤ እግሮቹን በአየር ላይ ሳያንከባልሉ በደረቱ አስደግፈው ያዙሩት። አጥንት ወጣ ያለበትን ቦታ በየቀኑ ይዳስሱ። ቀይ ሆኖ የማይመለስ ቆዳ የቁስል መጀመሪያ ነው።

ሽንት የነካውን ቆዳ በለብታ ውሃ አጥበው፣ በመጫን እንጂ በማሸት ሳይሆን ያድርቁና ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ለሕፃናት የሚሸጠው ዚንክ ያለበት ቅባት ሲላስ ስለሚመርዝ አይሆንም። 12 ሰዓት ሽንት ካልወጣው ይደውሉ። ፊኛን በእጅ ማስለቀቅ የሚቻለው ሐኪም እጅ በእጅ ካሳየ በኋላ ብቻ ነው።

መዝገቡ

በየማታው አጭር መዝገብ ይያዙ። ለዚህ የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አሊስ ቪላሎቦስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት መለኪያ ይጠቅማል። ሰባት ነገሮች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፦ ሕመም (ትንፋሽን ጨምሮ)፣ መብል፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ደህና ቀኖቹ ከክፉዎቹ መብለጣቸው። 10 ጥሩ ነው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ይቀጥላል። ድምሩን ብቻ አይመኑ፤ ትንፋሽ ወይም ሕመም 2 ላይ ወርዶ ሌላው ሁሉ 8 ቢሆን ድምሩ ያታልላል። ነጥቡን በየቀኑ ከአንድ ሰው በላይ፣ ሳይተያዩ ቢሰጡ ይበጃል። አስታማሚ ቀስ በቀስ የሚመጣን መድከም ስለሚለምደው አያየውም።

ሰዓት የማይሰጡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ እንቅልፍ ላይ ደጋግሞ ከ40 በላይ መተንፈስ ወይም በሆድ እየገፉ መተንፈስ፣ የነጣ ወይም የሰማያዊ ድድ፣ ከ5 ደቂቃ ያለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ የተደጋገመ የሚጥል በሽታ፣ እያስመለሰው ምንም ሳይወጣ ሆዱ መነፋት፣ ስብራት። የሌሊቱ ክሊኒክ ስልክና መንገድ በሩ ላይ ተለጥፎ ይቆይ።

የማሳረፊያው ቀን

ውሻው ከሚወዳቸው ነገሮች ሦስቱን ገና ደህና ሳለ ይጻፉ። ከነዚህ ሁለቱን ማድረግ ከተወ፣ ወይም መዝገቡ ላይ ክፉ ቀናት ደህናዎቹን ካለፉ ቀጠሮ ይያዙ። በልብ ድካምና በሚደማ ካንሰር ላይ ደግሞ ከዚያም ቀደም ማለት ተገቢ ነው ብለን እናምናለን፤ እነዚህ ሲብሱ በጸጥታ አይወስዱምና ውሻው በድንጋጤና በትንፋሽ ማጣት ይሄዳል። «ራሱ በእንቅልፉ ይሄዳል» ብሎ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ስቃይ ነው።

ሐኪሙ ቤት መምጣት ከቻለ ይምጣ። አስቀድመው የማደንዘዣ መርፌ እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ያስተኛዋል። ከዚያ በደም ሥሩ ከልክ ያለፈ የማደንዘዣ መድኃኒት (ፔንቶባርቢታል) ይሰጠዋል፤ ልቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፣ ሐኪሙም በማዳመጫ ያረጋግጣል። ዓይኑ አይከደንም። አንድ ሁለት ጊዜ አየር ሊስብ፣ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ ሽንቱ ሊፈስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ከሥሩ የሚመጥ ንጣፍ ያድርጉ። በራሱ በኩል ሆነው በለመደው ድምፅ ያናግሩት።

አስከሬኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚደርቅ ወዲያው እግሮቹን አጥፈው ያስተካክሉት። የሚቀበር ከሆነ ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት ይቆፈር፣ ከውሃ ምንጭም ይራቅ፤ ፔንቶባርቢታል በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ ቆፍሮ የሚበላውን እንስሳ ይገድላል። ማቃጠያ አገልግሎት ካለ ይህ ስጋት የለም። ሌላ ውሻ ካለዎት ሄዶ ያሽትተው፤ የሚፈልግ ያሸታል፣ የማይፈልገው አይገደድ።

ሞቱን ለመጠለያው በዚያው ቀን ያሳውቁና መዝገቡን ቅጂ ይስጧቸው፤ ለቀጣዩ አስታማሚ ይጠቅማል። የተረፈውን መድኃኒት፣ በተለይ ሞርፊን መሰሎቹንና ቆዳ ላይ የሚለጠፉትን ማስታገሻዎች፣ ቆሻሻ ውስጥ ሳይጥሉ ለሐኪሙ ይመልሱ። ፍራሹ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለሌላ ውሻ ያገለግላል። ሌላውን መቼ እንደሚወስዱ መጠለያው አያስቸኩልዎት፤ እርስዎም ለራስዎ ቀን አይቁረጡ።